የከበሮ መቺው ቢጫ ኮት

እርጥብ ሱፍ በጋለ ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። ትንሽ በግ በግ ይላል፤ ትንሽ ደግሞ የተለበለበ ፀጉር። ባለፈው ሳምንት እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ላይ ከታክሲ ወርጄ ስራመድ ከአንዲት የልብስ ማጠቢያ ቤት ይህ ሽታ ወጣና አስቆመኝ። ለዓመታት ቤቴ ውስጥ የኖረ፣ ከመጋረጃዬ፣ ከትራሴ፣ ከልጄ የትምህርት ቤት ሹራብ አልወጣ ብሎ ያስመረረኝ ሽታ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያለች ዙሉ፣ በሩ ላይ ቆማ "ሳውቦና ማ፣ የሚታጠብ አለሽ?" አለችኝ። የለኝም አልኳት። መንገድ የጠፋባትን ሴት እንደሚያዩ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዱርንፎንቴን፣ ቤቴ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ከሆሳዕና ታምራት ነው፤ የሟቹ ባሌ የደሳለኝ ታናሽ ወንድም።

"እትዬ፣ ሰዓሊው መጥቷል" አለኝ። "የመቃብሩ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ሥዕሉን ሊጀምር ነው። የጋሼን ማዕረግ ንገሪኝ።"

"የምን ማዕረግ?"

"የውትድርናውን ነዋ። ሻምበል ነበር ሻለቃ? እናታችን ሻለቃ ነው ትላለች። ሰዓሊው ደግሞ ያልሆነ ማዕረግ ጽፌ ከመንግሥት ጋር አልጣላም ይላል።"

በእኛ አገር የሰው መቃብር በሲሚንቶ ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሟቹም በሕይወቱ የነበረውን ሆኖ ይሳልበታል። ፈረሰኛ የነበረ ከነፈረሱ፣ ሹፌር የነበረ ከነመኪናው፣ መምህር የነበረ ከነጠመኔው። መቃብሩ መንገድ ዳር ስለሚሆን አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ እያየው፣ እያነበበው ያልፋል። አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ከተጻፈ እንግዲህ ሰውየው እሱ ነው፤ የልጅ ልጅ የሚያውቀው ያንኑ ነው። ባሌ ደግሞ ወታደር አልነበረም። ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። "መልሼ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን እየጻፍኩ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ቶሎ ቶሎ ስጽፍ ሰው እረግማለሁ።

ገና ሳንጋባ፣ ሆሳዕና፣ ገበያው ፊት ለፊት ካለ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረችው። እኔ አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነበርኩ። ሱሪ ማሳጠር በሳንቲም ነበር፤ አንድ ቀሚስ ለማሰፋት ጥቂት ብር ይበቃል። ሴቱ ሽንሽን ቀሚስ፣ ወንዱ ጫፉ የሰፋ፣ መሬት የሚጠርግ ሱሪ የሚለብስበት ጊዜ ነው። ከማዶ ካለው ካሴት ቤት መዝሙርና ዘፈን እየተጋፉ ይመጣሉ፤ እሱ ለሁለቱም እግሩን እያስኬደ ይሰፋል። ሊለካኝ ሜትሩን ሲዘረጋ እጁ እንዳይነካኝ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ቁመቴን ለክቶ ጻፈና እንደገና ለካኝ። "አድጌ ነው?" አልኩት። "እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው" አለኝ፤ ጆሮው ቀላ። መስከረም ሲቃረብ በረንዳው በተማሪ ዩኒፎርም ይሞላል። ለልጅ ሲሰፋ ውስጡ ሰፊ ትርፍ ይተዋል፤ ልጁ ሲያድግ እናትየው እንድትለቅቀው። የእኛ አገር ሰፊ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሰው ያድጋል ብሎ ነው የሚሰፋው።

ጆሃንስበርግ ስንመጣ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ ሰፈር፣ ገባን። ካትሌሆንግ ውስጥ እስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ይዘን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦውን በግማሽ፣ ሲጋራውን በፍሬ እንሸጥ ነበር። ደሳለኝ ፍርግርጉን ጠላው። "እኔ ሰው የምለካ ሰው ነኝ፤ በብረት መሐል እጄን አውጥቼ ምን እለካለሁ?" ይል ነበር። አንድ ማታ ሲዘርፉን የተኮሱት ጥይት ዳቦ መደርደሪያው ላይ ገባ፤ እሱ ከዚያ በኋላ ዳቦ ሲቆርስ ውስጡን ያይ ጀመር። ሱቁን ለአገር ልጆች ትተን ዱርንፎንቴን መጣን። ብርድ ልብስና ቀበቶ በሚሸጥበት ፎቅ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ ተቀመጠ። መብራት ሲጠፋ በሻማ ይሰፋል። ዚፕ ይቀይራል፣ ሱሪ ያሳጥራል፤ ደንበኞቹ "ባባ" ይሉታል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ግድግዳው ላይ መርፌ ይሰካበት የነበረው የስፖንጅ ቁራጭ ግን አሁንም አለ። ማን ብሎ ይነቅለዋል?

ኦም ክላውስ የመጣው በዚያ ኮሪደር ነው። ኦም በአፍሪካንስ አጎት ማለት ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ቁምጣና እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካልሲ የሚያደርግ ነጭ ጡረተኛ ነበር። በብብቱ የተጠቀለለ ሥዕል ይዟል።

"በዚህ ከተማ ያልሄድኩበት ሰፊ የለም" አለው። "ሁሉም ሥዕሉን አይተው ሳቁ። አንተም የምትስቅ ከሆነ አሁኑኑ ሳቅና እንጨርስ።"

ደሳለኝ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። "ገበሩ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሥዕሉ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የአንድ ጀርመናዊ መስፍን የነበረ የእግረኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት፤ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ የተቀለበሰ ቢጫ፤ ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ቢጫ፤ ጭራው ወደ ኋላ ታጥፎ የተያያዘ። ከውስጥ ነጭ ሰደርያና ጠባብ ነጭ ሱሪ፣ ከጉልበት በላይ በቁልፍ የሚያያዝ ጥቁር ገምባሌ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ። ኦም ክላውስና ጓደኞቹ በዓመት አንድ ቀን ይህን ለብሰው ሣር ሜዳ ላይ የሚሰለፉ ማኅበርተኞች ነበሩ። ቅድመ አያቶቻቸው ከዚያ ክፍለ ጦር ወጥተው በዚህ አገር ደቡብ ጫፍ፣ ኬፕ ላይ የቀሩ ናቸው። የድሮ ኮታቸው በብል ስላለቀ አዲስ ፈልገዋል።

ደሳለኝ የመጀመሪያውን ኮት በእኛ አገር ልማድ ሰፋው። ትከሻውን ለቀቅ፣ ብብቱን ሰፋ፣ ደረቱን እስከ ታች እንዲዘጋ፣ ውስጡን ባለ ትርፍ። ኦም ክላውስ ለበሰው፤ እጁን አነሳ፣ አወረደ፣ ጎንበስ አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ሆነ? አልተመቸህም?"

"ተመችቶኛል። ችግሩ እሱ ነው" አለ ሽማግሌው። "መስፍኑ በጨርቅ ንፉግ ነበር። ይህ ኮት እጅ አያስነሳም። ደረቱም አይዘጋም፤ ቁልፎቹ ለዓይን ናቸው። ሲያረጅ ደግሞ ተቆርጦ የሚቀጥለው ዓመት ሰደርያ ይሆናል።"

"በብርድስ?"

"በብርድም አይዘጋም።"

ያን ቀን ደሳለኝ ቤት ሲገባ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ "አይዘጋም እኮ!" አለኝ፤ ሰው ሲበደል ያየ ይመስል። ፈትቶ እንደገና ሰፋው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሱፍ ሽታ ቤታችን ገባ፤ ከሽታው ጋርም ታሪኩ። ኦም ክላውስ ለልክ በመጣ ቁጥር ያወራዋል፤ እሱ ደግሞ ማታ ራት ላይ ያመጣልናል። ልጃችን ሜሮን ትንሽ ነበረች። ሳህኗን ሳትነካ "ፓፓ፣ ዛሬ የት ደረሱ?" ትለዋለች።

"ዛሬ ገና ከአገራቸው መውጣታቸው ነው። መስፍኑ ቤተ መንግሥት መሥራት ይወዳል፤ ገንዘብ ሲያልቅበት ሰዎቹን ለደች ነጋዴዎች ሸጣቸው። እናቶቻቸው እያለቀሱ እየሸኙአቸው ነው።"

በሌላ ቀን "ፈረንሳይን በእግር እያቋረጡ ነው" ይላታል። በሌላ ቀን መርከብ ላይ ናቸው። "መርከብ ላይ አንዱ ሲሞት ኮቱን ጓደኞቹ በጨረታ ይገዙታል።"

"ለምን ይገዙታል? የሞተ ሰው ልብስ አይደል?"

"ብርድ ነዋ የኔ ልጅ። የሞተው አይበርደውም።"

እኔ ሳህን እያነሳሁ እሰማለሁ። የሞተ ሰው ጃኬት ለጓደኞቹ ሲከፋፈል ያየሁት በታሪክ አይደለም፤ እዚሁ ጀፕስታውን ነው፤ በሎኬሽን የተገደለ የአገራችን ልጅ ነበር፣ ዚፑን ደሳለኝ ራሱ ቀይሮለት ነበር። ኬፕ ሲደርሱ ሜሮን አጨበጨበች። ተራራውን በወረቀት ሣለች። ከዚያ አንድ ማታ ደሳለኝ ዘግይቶ መጣና ወደ ጃቫ እንደወሰዷቸው፣ በዚያ ሙቀት ያንኑ የሱፍ ኮት ለብሰው በወባ እንዳለቁ ነገራት። "ስንቱ ወደ እናቱ ተመለሰ?" አለችው። "ጥቂት" አላት። ልጅቷ አለቀሰች። "ለሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?" ብዬ ተቆጣሁት። "እኔ ምን ላድርግ፣ አለቁ እኮ" አለኝ። የሱም ዓይን ደህና አልነበረም።

ኮቶቹን ሰፋላቸው፤ ዓመት በዓመት ጠገናቸው። የሰልፉ ቀን አጥሩ ዳር መርፌውን ይዞ ይቆማል፤ ሆዱ የገፋ ሽማግሌ ስፌት ሲበጥስ ሮጦ ይሰፋል። ሰልፍ መግባት እንደሚያምረው እኔ አውቃለሁ፤ አፍ አውጥቶ ግን ተናግሮ አያውቅም። በኋላ ከበሮ መቺያቸው ዳሌው ታመመና ቀረ። ኦም ክላውስ ኮሪደሩ ድረስ መጣ። ያን ቀን ምሳ ይዤ ሄጄ ነበርና ሰማሁ።

"በዚያ ዘመን በአውሮፓ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ጥቁር ከበሮ መቺዎች ነበሩ" አለው። "በእኛው ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። ጠመንጃ ከሚይዙት መሐል ላስገባህ ብል ግን ጓደኞቼ..." ብሎ ካልሲውን ሳብ አደረገ።

"ከበሮ መምታት እችላለሁ" አለ ደሳለኝ። እውነቱን ነው። ኪቦርድ ሳይመጣ በፊት የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ እሱ ነበር።

ከበሮ መቺ ከሩቅ እንዲለይ ኮቱ ይገለበጣል። ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ ሲቀለበስበት፣ የሱ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ ይቀለበስበታል። ከሩቅ የሚለየውን ጥይትም ከሩቅ እንደሚለየው ማንም አልተናገረም። ደሳለኝ ያንን ቢጫ ኮት እንደ ሙሽራ ልብስ ሰፋው፤ የቁልፍ ዓይኖቹን በእጁ ጠለፋቸው። ሜሮን ያኔ አድጋለች፤ ትምህርት ቤቷ ከነጮች ጋር ነው።

"ፓፓ፣ ብላክ ስለሆንክ ነው ከበሮውን የሰጡህ። ሲሪየስሊ፣ አይታይህም?"

"ይታየኛል።"

"እና?"

"እና እኔ ካልመታሁ አንዱም እግሩን አያነሳም።"

የሰልፉ ቀን ሄድን። ሜሮንም አኩርፋ መጣች። መጀመሪያ በደንብ ሄደ፤ ቀስ ያለ፣ ደረቅ፣ የጀርመን ምት ነው። ወደ መሐል ሲደርስ ግን እጁ አሳሳተው፤ ወደ ልጅነቱ ሄደ፤ የእኛን የመዘምራን ምት መታው። ያ ምት ትከሻ እንጂ እግር አያራምድም። ሽማግሌዎቹ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ከነጠመንጃው ዘለል ዘለል እያለ ሰልፉ ተበተነ። ኦም ክላውስ ባርኔጣው ወደቀና እየሳቀ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሜሮን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ደሳለኝ ግን አልሳቀም፤ ቤት ሲገባ ቢጫውን ኮት ሰቅሎ "አበላሸሁባቸው" አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት በትክክል መታ። አበላሽቶ ቢቀጥል ደስ ይለኝ ነበር።

ኦም ክላውስ ሞተ፤ ማኅበሩም ተበተነ። ልጆቻቸው ኮቶቹን የት እንደጣሉ አላውቅም። ደሳለኝ ዚፕ ወደ መቀየሩ ተመለሰ፤ ዚፕ መቀየር በአሥር ራንድ ነበር፤ ቆይቶ ሃያ ሆነ፤ ቆይቶ ሰው አዲስ ሱሪ መግዛት ረከሰለት። የዛሬ ዓመት በብርዱ ሳምባው ታመመ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። በሩ ላይ ከናቴራቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ የክሊኒኩ ሠራተኞች ያልሆኑ ሰዎች ቆመው መታወቂያ ይጠይቃሉ። የእኛን የጥገኝነት ፔፐር አገላብጠው አዩና "ወደ አገራችሁ ሄዳችሁ ታከሙ" አሉን። ለመንኳቸው። ደሳለኝ ትከሻዬን ተደግፎ የአንዱን ከናቴራ እያየ "ስፌቱ ልል ነው፤ ከአንድ አጠባ አያልፍም" አለኝ። በአማርኛ ነበር የተናገረው፤ ሰዎቹ የለመነ መሰላቸው። በሌላ ቀን ሌላ ቦታ ተቀበሉን፤ ግን ቀኑ አልፎ ነበር።

አስከሬኑን ማኅበረሰቡ አዋጥቶ ወደ አገሩ ሸኘው። እኔ አልሄድኩም። በዚያ ፔፐር የወጣ ሰው አይመለስም፤ ሜሮንን ደግሞ ለማን ትቼ? ታምራት ደውሎ "የክብር ልብሱንና ፎቶውን ላኪ" አለኝ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ምርጥ ልብሱ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ባይወዱትም ልማዱ አልቀረም። ደሳለኝ የነበረውን አንድ ሱፍ ልብስ ለብሶ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። በእጁ ከሠራው ሁሉ ምርጡ ቢጫው ኮት ነበርና አጣጥፌ ላክሁት። ፎቶውም ኮቱን የጨረሰ ቀን ኮሪደሩ ላይ ለብሶት የተነሳው ነው። የለቅሶውን ቪዲዮ በስልክ አየሁት። ኮቱን በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው ሜዳውን ይዞሩበታል፤ ነፋሱ እጅጌውን ያነሳዋል፤ ሰዉ "የደቡብ አፍሪካው መኮንን" እያለ ያለቅሳል። እኔ የላክሁት የእጁን ሥራ ነበር፤ እነሱ ያዩት የትከሻውን ማዕረግ ነው።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። "ማሚ፣ ሊቭ ኢት" አለችኝ። "ሻለቃ ይሁን። እዚህ ማንም ማዕረግ አልሰጠውም፤ እዚያ እንኳን አንድ ነገር ይባል።"

"ሹፌር ከነመኪናው ይሳላል። አባትሽ ለምን ከነስፌት መኪናው አይሳልም? ምን ያሳፍራል?"

"እኔን ምንም አያሳፍረኝም። አያቴን ጠይቂያት።"

ጠየቅኋት። የዛሬ አራት ቀን ደወልኩና ታምራት ስልኩን ለአማቴ ሰጣት። ድምፅዋ እንደ ጥንቱ ጠንካራ ነው። ወታደር እንዳልነበረ፣ ኮቱን ራሱ እንደሰፋው፣ የሽማግሌዎች ሰልፍ እንደሆነ፣ እዚህ ሲኖር እንጀራው ልብስ ስፌት እንደነበር ነገርኳት። እንዳላቋርጥ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት። 

"የልጄ ሚስት" አለችኝ፤ አልተቆጣችም። "ልብስ ለመስፋት ነው እዚያ ድረስ የሄደው?"

"አዎ እማማ።"

"መኪናው እኮ እዚሁ ነበር። በረንዳውም አለ።"

ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከሥር አንዱ ሻጭ ዋጋ ይጠራል።   ታምራት ስልኩን ተቀበላትና "እትዬ፣ ምን ልበለው ሰዓሊውን?" አለኝ። "እናታችሁ እንዳለች ይሁን" አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ፎቶው ደረሰኝ። ሰዓሊው ጥሩ ዓይን አለው፤ ቢጫው ቢጫ ነው፣ የተቀለበሰው ሰማያዊ፣ የቁልፍ ዓይኖቹ በቦታቸው። ፊቱን ትንሽ አቅልቶታል። ትከሻው ላይ ጠመንጃ ሰቅሎለታል። ከሥሩ በትልቁ "ሻለቃ ደሳለኝ" ይላል። አውቶቡሱ ሁሉ አሁን ያንን እያነበበ ያልፋል። ወዲያው ታምራት ደወለ፤ ደስ ብሎታል።

"እትዬ፣ አየሽው? እናታችን ሁለት ጊዜ ወስዳችሁ አሳዩኝ አለች። ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ረጅም ነገር አለ አይደል? ሰዓሊው ፎቶው ላይ እንዳለ ቁጥሩን ሳይቀር ሣለው። ሰው ሁሉ ይጠይቀናል። የምን ኒሻን ነው?"

ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ሜትሩ ነው። የዚያን ቀን ከአንገቱ ሳያወርደው ነበር የተነሳው።

"የረጅም አገልግሎት ነው" አልኩት።